ልጄን ሐና ብዬ መሰየሜ ስሕተት ነውን?

ጥያቄ፦ «የአምስት ዓመት ልጄ ስሟ ሐና ይባላል። ቶሎ ቶሎ ስለምትታመም አማቴ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄደው የእርሷንና የእኔን ስም አስቆጠሩና ‹ስሟ አልተስማማትም፤ ለውጡላት› ተብለው መጡ። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ ‹ሐና እኮ መካን ሆና ስታለቅስ የኖረች ሴት ናት፤ ጌታ ታስሮ የቀረበበት ሊቀ ካህናትም ሐና ነው› ብላ ጭንቀቴን አበዛችው። ስሟን ብለውጠው ይሻል ይሆን?»

መልስ፦ እኅታችን፣ የልጅዎን ስም አይለውጡ።

ሐና ከዕብራይስጥ የመጣ ስም ሲሆን ትርጓሜው ጸጋ፣ ሞገስ ማለት ነው፤ ዮሐንስ የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ዘመድዎ የጠቀሷት የሕልቃና ሚስት ሐና መካን እንደ ነበረችና ጣውንቷ ፍናና ታስቆጣት እንደ ነበር እውነት ነው፤ ታሪኩን ግን ከመካከሉ አቋርጠውታል። ሐና በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበርና ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት፤ እርሷም ሳትቀየም፣ የወይን ጠጅ እንዳልጠጣችና ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች እንደሆነ በትሕትና መለሰችለት። ሳሙኤልን ወልዳ ለእግዚአብሔር ቤት ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች (1ኛ ሳሙ. 2፥19-21)። የምስጋና ጸሎቷ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር በሚደገመው በመኃልየ ነቢያት ውስጥ ስለሚገኝ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ መካንነቷንና ለቅሶዋን ብቻ መዝዞ ማውጣት ምን ይባላል?

በዚሁ ስም የተጠራችው የፋኑኤል ልጅ ነቢይቱ ሐና ሕፃኑን ጌታ በቤተ መቅደስ አይታ ያመሰገነችና ስለ እርሱ ለሌሎች የተናገረች ናት (ሉቃ. 2፥36-38)። የእመቤታችን እናት ቅድስት ሐናም ስሟ በአራቱ ወንጌላት ባይጻፍም ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 7 ቀን በጽንሰታ (እመቤታችን በተፀነሰችበት)፣ ግንቦት 1 ቀን በልደታ ከኢያቄም ጋር ታነሣታለች፤ ዕረፍቷም ኅዳር 11 ቀን ይታሰባል።

የቀያፋ አማት የነበረው ሊቀ ካህናትም በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሐና» ተብሎ መጻፉ እውነት ነው (ዮሐ. 18፥13)። ይህ ግን ለዘመድዎ አሳብ ድጋፍ የሚሆን አይደለም፤ እንዲያውም ያፈርሰዋል። ስም ሰውን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የነቢይቱና የእርሱ ግብር አንድ በሆነ ነበር። ይሁዳም የአስቆሮቱ ሰው ስም ነው፤ ይሁዳ ግን ጌታ በሥጋ የተወለደበት ነገድ አባት ስምም ነው፤ ከዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያትም ሌላ ይሁዳ ነበረ (ዮሐ. 14፥22)።

ደጋግሜ የሚያጋጥመኝ ስሕተት ይህ ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአበው ብሂል እንደ ሃይማኖት ትምህርት ተይዞ፣ ስም የሰውን ዕድል ቆርጦ የሚሰጥ ተደርጎ ይታሰባል። አንዳንዶች «ስሙ እንደ እርሱ ነው» የተባለለትን ናባልን ይጠቅሱልኛል (1ኛ ሳሙ. 25፥25)። ናባልን ያጠፋው ግን ንፉግነቱና ክፉ አንደበቱ ነው፤ አቢግያም ያን የተናገረችው ሥራውን ካየች በኋላ ነው። ይልቅስ ያቤጽን ይመልከቱ፤ እናቱ በጣር ስለወለደችው በጣሯ ስም ጠራችው፤ እርሱ ግን ከወንድሞቹ ይልቅ የከበረ ሆነ፤ ወደ እግዚአብሔርም ጮኸ፣ እግዚአብሔርም የለመነውን ሰጠው (1ኛ ዜና 4፥9-10)። ስሙን እንዲለውጥ ማንም አላዘዘውም።

በአያቶቻችን ዘመን የቤት ስም ብዙውን ጊዜ ከወላጅ ምኞትና ከወቅቱ ሁኔታ የሚወጣ ነበር፤ ጥሩነሽ፣ ዘውዲቱ፣ ተዋበች ይባል ነበር። በኋላ በከተሞች እነ ሐና፣ ሣራ፣ ማርታና ራሔል በዙ፤ በአንድ ክፍል የተገኙ ሁለት ሦስት ሐናዎች በአባታቸው ስም እስኪለዩ ድረስ ተለመደ። ዛሬ ደግሞ ተራው የእነ አርሴማና የእነ ሶልያና ሆኗል። ይህ መፈራረቅ ኃጢአት የለበትም፤ ነገር ግን ስሙ ያረጀባቸው አንዳንድ ወላጆች እውነተኛውን ምክንያት ከመናገር ይልቅ «ትርጓሜው ጥሩ አይደለም» ማለትን ይመርጣሉ። ሐናን ስለ መካንነቷ ትተው ልጃቸውን ኤዶም ያሉም አሉ፤ ኤዶም ብኵርናውን የሸጠው የዔሳው ስም መሆኑን ማንም ያስታወሳቸው አይመስልም። ይህን ማለቴ ኤዶም የተባሉትን ልጆች ለማስከፋት አይደለም፤ እነርሱም በስማቸው አይፈረድባቸውም።

ኮከብ ቆጣሪውን በተመለከተ አላለዝብም። የልጅንና የእናትን ስም ፊደል በቍጥር ደምሮ ዕጣ መናገር ጥንቈላ ነው፤ የሚናገረው ሰው የሚጠቅሰው ሁሉ የቅዱሳን ስም ቢሆን እንኳ ያው ጥንቈላ ነው፤ እግዚአብሔርም አጥብቆ ከልክሎታል (ዘዳ. 18፥10-12)። ስም መለወጥ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ራሔል ልትሞት ስትል ቤንኦኒ ያለችውን ልጅ ያዕቆብ ብንያም ብሎታል። እርስዎ ግን ዛሬ የሐናን ስም ቢለውጡ የሚታዘዙት ለዚያ ሰው ነው፤ ልጅቱ ነገ ደግማ ብትታመምም ወደ እርሱ ለመመለስ መንገዱን ራስዎ ጠርገው ይቆያሉ። የክርስትና ስሟንማ ማንም ሊነካው አይችልም፤ «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» (በአንዲት ጥምቀት እናምናለን) እንላለንና።

ቶሎ ቶሎ የምትታመም ሕፃን ሐኪም በደንብ ሊያያት ይገባል፤ ሕክምናውን ሳያቋርጡ ጠበሉንም ያስጠምቋት። አማትዎን አይውቀሷቸው፤ ወደዚያ የወሰዳቸው ለልጅ ልጃቸው ያላቸው ስስት ነው። ነገሩን ግን ለንስሐ አባታችሁ ራሳቸው እንዲነግሩ ይርዷቸው፤ ብቻቸውን መሄድ ከከበዳቸው አብረዋቸው ይሂዱ። እስከዚያው ድረስ «ስሟ አልተስማማትም» የሚለው ወሬ ሐና በምትሰማበት ቦታ አይነሣ።