ለምን ሁለተኛ ጊዜ ይከተባል?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆነች ወጣት እናት ልጇን አቅፋ መጣች። «እማማ፣ በዘጠኝ ወሩ ኩፍኝ ተከትቧል፤ አሁን ደግሞ በአስራ አምስት ወሩ መልሰሽ አምጪው አሉኝ። የመጀመሪያው አልሠራም ማለት ነው?» አለችኝ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

በ1980ዎቹ ነው፣ ከአቃቂ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ። ያኔ የኩፍኝ ክትባት አንዴ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ሁለተኛው በአገራችን የተጀመረው በ2011 ነው። አንዲት እናት ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጇን አዝላ ገባች። ዓይኑ ቀልቷል፣ ያስለዋል፣ ሽፍታው ከጆሮው ጀርባ ተነስቶ ፊቱን አልፎ ደረቱ ላይ ወርዷል። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ካርድ ፈታ፣ ላስቲኩን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አንድም ቀጠሮ አላሳለፈችም። «አስከትቤው ነበር እኮ!» አለች። የዕለቱ ተረኛ ኃላፊ ካርዱን በወጉ ሳያይ «ያጋጥማል» አላትና ቀጣዩን ጠራ። ልጁ ዳነ። እሷ ግን ታናሹን ይዛ አልመጣችም። ያ ሕፃን ኩፍኝ ይዞት አንድ ዓይኑን እንዳጣ የሰማሁት ቆይቶ ከሰፈሯ ሰው ነው። ያን ቀን በር ላይ ብደርስባት ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የምነግራት ይህን ነበር። በሽታውን የሚዋጋው የልጁ ሰውነት ነው። የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ይለዩታል፣ ለእሱ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል የሚባል መከላከያ ያመርታሉ፣ ጥቂቶቹም እሱን እንዳስታወሱ ለዓመታት ይቆያሉ። እውነተኛው ኩፍኝ ሲመጣ ከሀ አይጀምሩም። ሆኖም ሕፃን ከእናቱ ማህፀን ይዞት የሚወለደው መከላከያ አለ። ለጊዜው ይጠብቀዋል፣ የክትባቱን ቫይረስም ግን ሰውነቱ ሳያውቀው ሊያጠፋበት ይችላል። በዘጠኝ ወር በአብዛኞቹ ላይ ተሟጧል፣ በሁሉም ላይ ግን አይደለም። በዚያ ዕድሜ ከሚከተቡ 100 ሕፃናት መከላከያ የሚያዳብሩት ወደ 85 የሚጠጉት ናቸው። ዛሬ የሚሰጠው ሁለተኛው ክትባት በዋናነት ለቀሩት ነው፤ የትኛው ልጅ እንደቀረ በዓይን ስለማይለይ ሁሉም ይከተባል። ታዲያ ለምን እስከ አስራ አምስት ወር አንቆይም? ኩፍኝ አይቆይማ!

የዛሬ ወጣቶች ደጃችሁ ድረስ ከምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይልቅ ቲክቶክ ላይ የሚያወራውን ማመናችሁ ያናድደኛል። ደግሞ «ለምን?» ማለታችሁን እወደዋለሁ፤ እኛ የተባልነውን ተቀብለን ነበር የምንሄደው። እናቴ ፊቷ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበረባት፤ እኔን ለማስከተብ ማንም አላስረዳትም፣ በሽታውን ታውቀዋለች። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ነው። እናንተ ያላያችሁትን በሽታ እንድትፈሩ መጠየቁ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ልጆች፣ ሰልፉ እስከ በሩ ቢደርስም ለጠየቀች እናት መልሱላት። ወላጆች ደግሞ ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ትኩሳቱ በማግስቱ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ ሊመጣ እንደሚችል እወቁ፤ ቀለል ያለ ሽፍታም ሊኖር ይችላል፣ አትደንግጡ። ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ጡት አልጠባም ካለ ግን ሳታሳድሩ ውሰዱት።