የዘንድሮው የበጋ ብርድ ከወትሮው ይለያል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ «እንደ ዘንድሮ ያለ የታኅሣሥ ብርድ አይተን አናውቅም» ሲባል እሰማለሁ። እኔም ግድግዳ ላይ በሰቀልኩት ቴርሞሜትር በየጠዋቱ እመዘግባለሁ። ከድሮው ጋር እንዴት ላስተያየው?

መልስ፦ የግድግዳዎን ቁጥር ከአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ መዝገብ ጋር አያወዳድሩ። ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ስለሚተፋ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ከኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዚያኑ ጣቢያ የዘንድሮና የቀድሞ መዝገብ ይጠይቁ።

ሌሊቱንና ቀኑን ለየብቻ ይያዙ። በበጋ ሰማዩ ስለሚጠራና አየሩ ስለሚደርቅ ሌሊቱ ክፉኛ ቀዝቅዞ ቀኑ ከወትሮው የሞቀበት ወር ይኖራል። ሁለቱን ደምረው ለሁለት ካካፈሉ «ደህና ወር ነበር» የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ማሳው ግን በውርጭ ተቃጥሏል።

የየሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ደምረው በቀናቱ ቁጥር ያካፍሉ። 11 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከጎደለ፣ ወይም 5 ቀን በተከታታይ ከተዘለለ፣ የወሩን አማካይ አያውጡ፤ የዓለም ሚቲዮሮሎጂ ድርጅት መመሪያም ይህንኑ ይላል። ማነጻጸሪያው የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ አሁን የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ለምሳሌ የረጅም ጊዜው 5 ዲግሪ፣ የዘንድሮው 3.4 ቢሆን፣ ዘንድሮ በ1.6 ዲግሪ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም። 30ዎቹን ዓመታት ከቀዝቃዛው ጀምረው ይደርድሩ። ዘንድሮ ከቀዝቃዛዎቹ 10 ዓመታት መካከል የሚገባ ከሆነ «ከመደበኛ በታች» ይባላል። «አይተን አናውቅም» ለማለት ግን ከሁሉም መብረድ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወሩ ነው። መዝገቡ የሚያዘው በፈረንጆች ወር ነው፤ ዲሴምበር በእኛ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 22 ነው (ከጳጉሜን 6 በኋላ አንድ ቀን ይዛነፋል)። ታኅሣሥን ከፈለጉ የየዕለቱን ቁጥር ይጠይቁና ራሳቸውን ቀኖቹን ይልቀሙ። ደግሞም «ዊንተር» የሚለው የውጭ ሰንጠረዥ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ሲይዝ፣ የእኛ በጋ በሚቲዮሮሎጂ አቆጣጠር ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ነው።

ጥያቄ፦ መንዝ ነኝ። ቴርሞሜትሩ 3 ዲግሪ እያሳየ ባቄላዬን ውርጭ መታው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ላይበላሽ ይችላል። ጣቢያ ላይ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ሌሊት ቅጠሉ ያለበት ቦታ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ይበርዳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ከተረተሩ ይልቅ ረባዳው ሜዳ ቀድሞ ይመታል። ሁለተኛ ቴርሞሜትር ከሣሩ ጫፍ ላይ ያኑሩ፤ የሁለቱን ልዩነት ለጥቂት ሳምንት ከመዘገቡ የጣቢያው ቁጥር ስንት ሲደርስ ማሳዎ እንደሚመታ ያውቃሉ።

የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዘውን ቴርሞሜትር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብበው ጠቋሚውን ለአዲስ ንባብ ይመልሱት። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከመለሱት ብርዱ ገና ስላልለቀቀ ያው አንድ ሌሊት ለሁለት ቀን ይቆጠራል፤ ወሩም በመዝገብ ላይ ከእውነቱ ይልቅ ቀዝቃዛ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ለእኛ ደጋ የሸዋ ሮቢትን መዝገብ በከፍታ አስተካክዬ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ለሌሊት ብርድ አይሆንም። በ1,000 ሜትር ከፍታ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል የሚለው ስሌት ለአማካይ ግምት ነው፤ በበጋ ሌሊት ብርዱ ሸለቆ ውስጥ ስለሚተኛ ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል። ከእርስዎ ጋር በከፍታም በመሬት አቀማመጥም የሚመሳሰል ጣቢያ ይምረጡ፤ ርቀቱ ቢበዛም ይሻላል።