ብረታዊ መስታወት አንዱ ሲታጠፍ ሌላው ለምን ይሰበራል?

ጥያቄ፦ «ብረታዊ መስታወት» ስለሚባለው ቅይጥ በቅርቡ አነበብሁ። ሁሉም ከብረታ ብረት የተሠራ እስከሆነ ድረስ፣ አንዱ ዓይነት መታጠፍን ሲችል ሌላው እንደ መስኮት መስታወት ድንገት የሚሰበረው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የአቶሞቹ ትስስር ነው ወይስ አደራደራቸው?

መልስ፦ ሁለቱም ናቸው፤ እኔ ግን ቅድሚያውን ለትስስሩ እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ብረታዊ መስታወት በ1960 ይፋ የሆነ የወርቅና የሲሊከን ቅይጥ ነበር። ቅልጡ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ፍጥነት ስለቀዘቀዘ፣ አቶሞቹ እንደ ክሪስታል በረድፍ ለመሰለፍ ጊዜ ሳያገኙ እንደ ፈሳሽ በተዘበራረቀ ሁኔታ እንዳሉ ደረቁ።

በተለመደው ብረት ውስጥ ረድፎቹ ላይ ያሉ ጉድለቶች ደረጃ በደረጃ ስለሚንሸራተቱ ብረቱ ሳይሰበር ይሳባል፤ እየተሳበም ይጠነክራል። መስታወቱ ረድፍ የለውም። ጭነት ሲበዛበት በጥቂት አሥር የሚቆጠሩ አቶሞች በየሥፍራው በቡድን ተገፋፍተው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እነዚህ ቡድኖች ሲያያዙ ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የመንሸራተት ንጣፍ ይፈጠራል። ንጣፉ ከዙሪያው ይልቅ ስለሚለሰልስ ቀጣዩ መንሸራተት እዚያው ላይ ይደገማል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ አንዱ ንጣፍ ወደ ስንጥቅ ከመለወጡ በፊት ስንት ሌሎች ንጣፎች ተወልደው ጭነቱን ይጋራሉ የሚለው ነው።

ትስስሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብረታዊ ትስስር አቅጣጫ አይመርጥም፤ ኤሌክትሮኖቹ የጋራ ስለሆኑ አንድ አቶም ጎረቤቱን ጥሎ ከሌላው ጋር ለመያያዝ ብዙ ጉልበት አይጠይቀውም። አይረን (ብረት የተባለው ንጥረ ነገር) በሚበዛባቸውና ቦሮን ወይም ካርቦን በተጨመረባቸው መስታወቶች ግን ትስስሩ ከፊል ኮቫለንት (ጎረቤታም አቶሞች ኤሌክትሮኖችን በመካከላቸው ብቻ የሚጋሩበት) ይሆናል፤ አቅጣጫ ስላለው ከመንሸራተት ይልቅ መሰንጠቅ ይቀላል። ይህን ለመገመት የሚረዳው የፖይሶን ንጽጽር ነው፤ አንድ ነገር ርዝመቱ ሲሳብ ወርዱ ምን ያህል እንደሚቀጥን ይለካል። ንጽጽሩ ከ0.31 ወይም ከ0.32 አካባቢ በታች ሲወርድ መስታወቱ በአብዛኛው ተሰባሪ ይሆናል፤ ፕላቲነም፣ መዳብ፣ ኒኬልና ፎስፈረስ የተቀየጡበት አንድ መስታወት ግን 0.42 ደርሶ፣ ሲጨመቅ 20 በመቶ ያህል ሳይሰበር ቅርጹን ለውጧል። ይህ ጠቋሚ ዝንባሌ እንጂ የማይሻር ሕግ አይደለም፤ ቅይጡ ሳይለወጥ ጠባዩ የሚለወጥበት ጊዜ አለና።

የአደራደር ሚና የሚታየውም በዚህ ነው። በጣቶች መካከል ሊታጠፍ የሚችል ቀጭን የብረታዊ መስታወት ጥብጣብ ይውሰዱ፤ ክሪስታል ከሚሆንበት በታች ባለ ሙቀት ለረዥም ጊዜ ቢያቆዩት፣ ሲታይ ምንም ሳይለወጥ በብዙዎቹ ቅይጦች ዘንድ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የሆነው ይህ ነው፦ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ በአቶሞቹ መካከል የተረፈው ባዶ ሥፍራ ይቀንሳል፤ እንደ ዚርኮኒየምና መዳብ ባሉ ቅይጦችም አንዱን አቶም 12 ጎረቤቶች አጥብቀው የሚከቡበት ስብስብ ይበዛል፤ መገፋፋት የሚጀምርባቸው ልል ሥፍራዎችም ያንሳሉ። ዝግ ብሎ የቀዘቀዘ መስታወትም ወደዚሁ ያዘነብላል።

«ተሳቢ» (ሳይሰበር ቅርጹን የሚለውጥ) የሚለውን ቃል ሲያነቡ ግን ሙከራው መጨመቅ ነበር ወይስ መሳብ ብለው ይጠይቁ። በመጨመቅ ብዙ የሚታገሥ መስታወት፣ ሲሳብ 2 በመቶ ገደማ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል፤ የመሳብ ጭነት ንጣፉን ይከፍተዋልና። ተመራማሪዎች ያገኙት አንዱ መፍትሔ በመስታወቱ ውስጥ ቅርንጫፍ የመሰሉ ለስላሳ ክሪስታሎች እንዲበቅሉ ማድረግ ነው፤ እያንዳንዱ ንጣፍ ከአንዱ ቅርንጫፍ ጋር ሲጋጭ ይቆምና አዲስ ንጣፍ በሌላ ቦታ ይጀምራል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ቁስ ከፊሉ መስታወት፣ ከፊሉ ክሪስታል ነው።