ስለ ባዝ አቢ የጠየቃችሁኝ

በእንግሊዝ ባዝ ከተማ መሀል ስላለው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የደጋገማችሁትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አቢ ገዳም ማለት አይደል? መነኮሳቱ የታሉ?

የሉም፤ ከ1539 ወዲህ የሉም። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲዘጋ የባዙም ተራ ደረሰና መነኮሳቱ ተበተኑ፣ ስሙ ብቻ ቀረ። ዛሬ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሰፈሩ ሰው እሑድ ይሰበሰብበታል፣ ልጁን ያስጠምቅበታል፣ ይጋባበታል። ትልቅነቱን አይታችሁ ካቴድራል እንዳትሉት፤ የጳጳሱ መንበር ዌልስ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው።

ስንት ዓመቱ ነው?

የትኛው? ቦታው ላይ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ተፈራርቋል። የመጀመሪያው የአንግሎ ሳክሰኖቹ (የጥንቶቹ እንግሊዞች) ነው፤ ንጉሥ ኤድጋር በ973 ዘውድ የጫነው እዚያ ሲሆን የያኔው ሥርዓት እስከ ዛሬ የእንግሊዝ ነገሥታት የሚነግሡበት ሥርዓት መሠረት ነው። ከዚያ ኖርማኖች የተባሉ ወራሪዎች ከፈረንሳይ መጥተው ግዙፍ ካቴድራል ሠሩ፣ እሱም በጊዜ ብዛት ፈራረሰ። አሁን የቆመውን ያስጀመሩት ጳጳስ ኦሊቨር ኪንግ ናቸው፣ 1499 አካባቢ። ትልቅ ይመስላል እንጂ ያረፈው በፊተኛው ካቴድራል ቦታ ከፊሉ ላይ ብቻ ነው።

ፊት ለፊቱ ላይ መሰላል የሚወጡት እነማን ናቸው?

መላእክት ናቸው። ጳጳሱ መላእክት በመሰላል ሲወጡና ሲወርዱ በሕልማቸው አይተው ነው ያሠሩት ይባላል፣ ልክ እንደ ያዕቆብ። ከትልቁ መስኮት ግራና ቀኝ ቆማችሁ አንጋጡ፤ አንዳንዱ ቁልቁል በጭንቅላቱ ነው የሚወርደው። እኔ ከሁሉም የምወደው የወይራውን ዛፍ ነው። ዘውድና የጳጳስ አክሊል አለበት፤ ወይራው ኦሊቨር፣ ዘውዱ ኪንግ መሆኑ ነው። ሰውየው ስማቸውን ድንጋይ ላይ ፈርመው ሄዱ።

ጣሪያው በእርግጥ 500 ዓመት ሆኖታል?

የመቅደሱ በኩል ያለው አዎ። ሮበርትና ዊልያም ቨርቹ የተባሉ ወንድማማቾች የሠሩት ነው፤ ድንጋዩ ከየምሶሶው ጫፍ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ሕዝቡ የሚቀመጥበት በኩል ያለውን ግን አርክቴክቱ ጆርጅ ጊልበርት ስኮት የሠራው በ1860ዎቹ ነው። ካልተነገራችሁ አትለዩትም። ይሄ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እጁ ይባረክ ባይ ነኝ።

ገዳሙ ሲዘጋ የጣሪያው እርሳስ፣ መስታወቱና ደወሉ ሳይቀር ተሸጦ ሕንጻው ለዓመታት ዝናብ ሲወርድበት ኖሯል። ሰር ጆን ሃሪንግተን (በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት የሠራው ሰው ነው፣ አትሳቁ) ጳጳስ ጄምስ ሞንታጉ ዝናብ ሲመታቸው ጊዜ ወደዚያው ክፍት ቤት አስገባቸው ይባላል። ጳጳሱ እዚህም እኮ እየዘነበብን ነው ቢሉት፣ ከላይ ከሚወርደው ውሃ ያላስጣለን ቤት ከታች ካለው እሳት እንዴት ያድነናል አላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ጳጳሱ ኪሳቸውን የፈቱት።

ወለሉ ላይ የምንረግጠው መቃብር ነው?

የመቃብር ድንጋይ ነው፣ ወደ 900 የሚጠጋ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ከ600 በላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ባዝ ሀብታሞች ለፍል ውሃና ለጭፈራ የሚመጡባት ከተማ ስለነበረች እዚያው የሞተው እዚያው ቀረ። ደግነቱ ተዘርዝሮ የማያልቅለት አንዳንዱ ሰው ሀብቱ የመጣው ከካሪቢያን የባሪያ እርሻ ነው፤ ስታነቡ ይሄን አትርሱ።

ከሥር የተቀበረው አስከሬን ብዙ በመሆኑ አፈሩ ባዶ ቦታ እየፈጠረ ወለሉ መስመጥ ጀምሮ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ድንጋዩን አንድ በአንድ አንስተው፣ ሥሩን ሞልተው፣ መልሰው አነጠፉት። በዚያው የማሞቂያ ቧንቧ ቀበሩበት። ሙቀቱ የሚመጣው ከጎረቤት ነው፤ ከሮማውያኑ መታጠቢያ ዝም ብሎ ወደ ወንዝ ይፈስ ከነበረው ፍል ውሃ። ውሃው ከመሬት ሲወጣ 45 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ። ይሄን ያህል ዘመን ብርድ ሲጠብሳቸው ኖረው አጠገባቸው ያለውን አለመጠቀማቸው ነው የሚገርመኝ።

ጫማ ይወልቃል?

አይወልቅም።

ማማው ላይ መውጣት ይቻላል?

በአስጎብኚ፣ 212 ደረጃ። ጉልበታችሁን ጠይቁ።

ሴት ቄስ አላቸው ሲባል እውነት ነው?

እውነት ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ለቅስና መሾም የጀመረችው በ1994 ነው፤ ሴት ጳጳስ ደግሞ በ2015።

ጃንሆይ በስደት የኖሩት እዚያው ባዝ አይደል? ቤታቸው ቅርብ ነው?

አዎ፣ ከ1936 እስከ 1940 ፌርፊልድ ሀውስ የሚባል ቤት ውስጥ ነበሩ። ከአቢው ወደ ምዕራብ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር ነው። በእግር ትንሽ ያደክማል፣ አውቶቡስ ያዙ። ቤቱን በኋላ ለከተማው ሰጥተውታል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ጠዋት አቢውን፣ ከሰዓት ፌርፊልድን እዩ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።