ልኬቱ የሚበላሸው ከማነቃቂያው በፊት ነው

ጠያቂዬ መለስተኛ የማስታወስና የማሰብ መዳከም ባለባቸው አረጋውያን ላይ በቲኤምኤስ (ከራስ ቅል ውጭ በማግኔት አንጎልን በማነቃቃት) የአንጎልን ፕላስቲሲቲ፣ ማለትም የመለወጥ ችሎታውን፣ ይለካሉ። የመሣሪያውን ጥምጥም ሽቦ፣ ኮይሉን፣ ጭንቅላት ላይ ይዘው የማግኔት ምት ይሰጣሉ፣ ከእጅ ጡንቻ የሚመጣውን ምላሽ ይመዘግባሉ፣ ከዚያ ቴታ በርስት የሚባለውን፣ 600 ፈጣን ምቶች በሦስት ደቂቃ ያህል የሚሰጡበትን ማነቃቂያ ያካሂዱና እንደገና ይለካሉ። የአንዲት እናት ምላሽ በመጀመሪያው ቀን በጣም ጨመረ፤ በሳምንቱ ደግሞ ቀነሰ። «የተበላሸው መሣሪያው ነው ወይስ አንጎላቸው?» ይላሉ።

ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ። እኔ በመጀመሪያ የማየው ከማነቃቂያው በፊት የተወሰደውን ልኬት ነው። ስንት ምት ወሰዱ? 10 ብቻ ከሆነ ያዩት ለውጥ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በጤናማ ወጣት ላይ እንኳ አንዱ ምላሽ የቀጣዩን እጥፍ ሲሆን ማየት የተለመደ ነው። ቢያንስ 20፣ ቢቻል 30 ይውሰዱ። በምቶቹ መካከል ከአምስት ሰከንድ ያላነሰ ጊዜ ይስጡ፣ ጊዜውንም ወጣ ገባ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሰውየው ምቱን መጠበቅ ይጀምራል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ይድገሙ። ሁለቱ አማካዮች ካልተቀራረቡ ቴታ በርስቱን አይጀምሩ።

ቀጥሎ ጡንቻው። በጥቂቱ የተወጠረ ጡንቻ ምላሹን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል፤ ይህንን ፕላስቲሲቲ ብሎ መመዝገብ ቀላል ነው። የእርስዎ ተሳታፊዎች ደግሞ «እጅዎን ፈታ ያድርጉ» የተባሉትን ከአፍታ በኋላ ሊረሱት ይችላሉ፤ የኮይሉ ጠቅታም ያስደነግጣቸዋል። ስለዚህ መመሪያው አንድ ጊዜ ተነግሮ አይበቃም። «እማማ፣ እጅዎን ይልቀቁት» እያሉ በየጥቂት ምቱ ያስታውሷቸው፣ እጃቸውን ትራስ ላይ ያሳርፉላቸው፣ የጡንቻውን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን የኢኤምጂ መሣሪያ ድምፅ ክፍት አድርገው ያዳምጡ። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ያለው 100 ሚሊ ሰከንድ ጸጥ ያለ ካልሆነ ያንን ምት ይጣሉት። የሚጣለው የትኛው እንደሆነ ግን መረጃውን ከማየትዎ በፊት ይወስኑ፤ በኋላ የሚመረጥ ምት ሁልጊዜ ወደሚወደደው ውጤት ያዘነብላል።

እንቅልፍና ትኩረትም ከዚሁ ጋር ይሄዳሉ። የእጅ ነርቭን በኤሌክትሪክ ነክቶ ከ25 ሚሊ ሰከንድ በኋላ አንጎሉን የሚያነቃቃው የጥንድ ዘዴ ሰውየው ለእጁ በሚሰጠው ትኩረት ላይ በእጅጉ ይመሠረታል። ወደዚያ ዘዴ ለመዛወር ካሰቡ በእጃቸው ላይ የሚሰማቸውን ንክኪ እንዲቆጥሩ ያድርጉና ቁጥሩን ይጠይቋቸው። ትኩረታቸው ያነሰ ሰዎች ፕላስቲሲቲያቸው ያነሰ መስሎ ይታያል፤ በዚህ ሕመም ውስጥ ደግሞ ትኩረት ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ በቸልታ የሚታለፈው ይህ ነው እላለሁ።

የተቀረው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው፤ ኮይሉ በሁለቱም ቀን በአንድ ቦታና በአንድ አቅጣጫ ይሁን፣ እጀታው ወደ ኋላና ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል፣ ሰዓቱም አይለያይ። ለመርሳት ሕመም የሚሰጠው ዶኔፔዚልም ሆነ የእንቅልፍ መድኃኒት ውጤቱን ሊለውጡ ይችላሉ። ምን እንደወሰዱ እርሳቸውን ብቻ አይጠይቁ፤ ይዟቸው የመጣውን ዘመድም ይጠይቁ። አንጎል ሲሟሽሽ ከራስ ቅሉ ስለሚርቅ ተመሳሳይ የማሽን መጠን ለሁሉም አይስጡ፤ ለየሰው አንድ ሚሊቮልት ያህል ምላሽ የሚያመጣውን ይፈልጉ።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላም ቴታ በርስት ወላዋይ ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪው ሃማዳና ባልደረቦቻቸው ከ50 በላይ ጤናማ ሰዎችን መርምረው በጥቅሉ ሲታይ ምንም ውጤት አላገኙም፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንስ ነበር። ስለዚህ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ «ፕላስቲሲቲ የላቸውም» ተብሎ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍ። የለካነውም የእጅ እንቅስቃሴ ክፍልን ነው፤ መርሳት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ግን ከጆሮ ግንድ በስተ ውስጥ ካለው የሂፖካምፐስ አካባቢ ነው።

ለእኚህ እናት በመጀመሪያ የሁለቱን ቀናት ፋይሎች ከፍተው ከምቶቹ በፊት ያለውን ኢኤምጂ ይመልከቱ። ንጹሕ ከሆነ ሌላ ቀን ይቅጠሩላቸውና ቴታ በርስቱን ብቻ አንጎልን በማያነቃቃ ሐሰተኛ ኮይል አድርገው ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይድገሙ። ያን ቀን የሚታየው ለውጥ የእርሳቸው መደበኛ መዋዠቅ ነው፤ የቴታ በርስቱ ለውጥ ከእርሱ ካልበለጠ እንደ ለውጥ አይቁጠሩት።