ረቂቅ ሥዕልና የተመልካች ስሜት፦ ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር፦ መምህር፣ አብስትራክት ከሚባለው፣ የታወቀ ነገር ሳይሣልበት በቀለምና በመስመር ከሚሠራው ረቂቅ ሥዕል ፊት ስቆም «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት በቀር ምንም አይሰማኝም። ጉድለቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ ጉድለት አይደለም። እኛ ጎጃሞች ሰምና ወርቅ ሲፈታ እየሰማን ስላደግን ሸራውንም እንደ ቅኔ ቆጥረን ወርቁን ፍለጋ እንገባለን፤ ስናጣውም ሠዓሊው የደበቀብን ይመስለናል። ረቂቅ ሥዕል ግን ከቅኔ ይልቅ ለዜማ ይቀርባል። ግዕዝ የማያውቅ ምእመን ሌሊት ማሕሌት ቆሞ፣ የቃሉ ፍቺ ሳይገባው ዕንባው የሚወርደው፣ ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል፣ ከበሮውም ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲሸጋገር ልቡ አብሮ ስለሚሄድ ነው። ቀለምና መስመርም እንዲሁ ይሠራሉ።

ከደብረ ማርቆስ፦ አንዱ ሥዕል ለእኔ ሐዘን፣ ለጓደኛዬ ደስታ ከሆነ ሠዓሊው ምን አስተላለፈ?

መልስ፦ የጋራ መሠረት አለ። የሥነ ልቡና ሊቁ ቮልፍጋንግ ኮለር እ.ኤ.አ. በ1929 እንዳመለከተው፣ አንድ ክብ፣ አንድ ሾጣጣ ቅርጽና ሁለት ትርጉም የለሽ ስሞች ቢሰጡት፣ አብዛኛው ሰው ለስላሳውን ስም ለክቡ፣ ሻካራውን ለሾጣጣው ይሰጣል። ከዚያ በላይ ያለውን የሚጨምረው የተመልካቹ ኑሮ ነው። በአንድ ዐውደ ርእይ ላይ፣ ከታች ጥቁር ከላይ ቢጫ ብቻ ከተቀባ ሸራ ፊት አንዲት እናት ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ ይዘው ብዙ ቆሙና «ይህስ የጳጉሜን ማለዳ ነው፤ ክረምቱ አልፎልን» አሉ። ሥዕሉ ርዕስ አልነበረውም። እኔ ከዚያ የበለጠ ትክክለኛ ንባብ አላውቅም።

ከዳንግላ፦ ርዕሱን አስቀድሜ ላንብብ?

መልስ፦ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ርዕሱ ይደርሳል።

ከዘጌ፦ የገዳማት ሥዕል ለለመደ ዓይን ይህ ባዕድ አይደለምን?

መልስ፦ አይመስለኝም። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚጠላለፈው ሐረግ ሰውም እንስሳም ሳይሆን ዓይንን ይዞ ያቆያል። ሐረግ ጌጥ ነው፣ ረቂቅ ሥዕል ደግሞ ራሱን ችሎ የቆመ ሥራ ነው፤ ልዩነታቸውን አልክድም፤ ዓይንን የሚያሠለጥኑት ግን በአንድ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ረቂቅ ሥዕልን በአገራችን ካስተዋወቁት ቀደምት ሠዓሊዎች አንዱ የሆነው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንኳ፣ አባቱ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ካህን ነበሩ። እርስዎም ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተው ከተሳለሙ በኋላ፣ የቅዱሳኑን ታሪክ ለጊዜው ትተው በልብሳቸው ላይ የተደረደሩትን ቀለማትና መስመሮች ብቻ ጥቂት ቆይተው ይመልከቷቸው።