ዳላስ ላይ ቲማቲም የሚተከለው ሙቀቱ ሳይመጣ ነው

ዳላስ በመጣሁ ዓመት ቲማቲም የተከልኩት ሜይ መጨረሻ ላይ ነበር። ሙቀቱ በደንብ እስኪገባ ጠብቄ ማለት ነው። ተክሉ ደረቴ ድረስ አደገ፣ አበባ በአበባ ሆነ። ከዚያ አበባው ረገፈ። ያን ሰመር አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም። ዛሬም ብዙ ወገኖቼ እንደዚያ ሲለፉ ሳይ ያሳዝነኛል።

ቲማቲም ፀሐይ ይወዳል፤ ሞቃት ሌሊት ግን አይችልም። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌሊቱ ከ24 ማለፍ ሲጀምር የአበባው ብናኝ ይበላሻል፣ ፍሬ አይቋጥርም። መቂና ዝዋይ ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ዳላስ ግን ጁላይ ላይ እኩለ ሌሊትም ወላፈን ነው።

ስለዚህ ችግኙ በማርች አጋማሽ፣ ውርጩ እንዳለፈ መሬት ይግባ። ብርዱ ድንገት ከተመለሰ ማታ በአንሶላ ሸፍኑት። እንዲህ ከሆነ ጁን ላይ ትለቅማላችሁ፤ ለሰኔ ጾም ደረሰ ማለት ነው። ከጓሮ ተቀጥፎ በቃሪያና በሽንኩርት የተሠራ ፍትፍት የሱቁ ቲማቲም አይደርስበትም። ለጀማሪ ቼሪ ቲማቲም ይሻላል፣ ሙቀቱን ከትልልቆቹ በተሻለ ይችላል። ለወጥ ከሆነ አገር ቤት የምናውቀው ሮማ አለ።

የዳላስ ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፣ የእኛው ዓይነት ዋልካ። ሲዘንብ ጫማ ያስቀራል፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ ገበሬው ሲዘራ ያየ ሰው መላውን ያውቀዋል፦ አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ ይሠራል፣ የተረፈው ውሃ በቦዩ ይወርዳል። እኔም እንደዚያው መደብ ሠርቼ ብዙ ኮምፖስት ቀላቀልኩበት። ስትተክሉ የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሱና ግንዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል።

አሁን ውሃ። የብዙ ሰው ቲማቲም ቂጡ ይጠቁራል፣ ሰውም መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። እባካችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አንድ ቀን ማጥለቅለቅ፣ አራት ቀን መርሳት ነው። ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየም አፈሩ ውስጥ እያለ እንኳ ፍሬው ጋ አይደርስም። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ፤ ውስጡ ከደረቀ ጠዋት ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳታርሱ፣ ከሥሩ ቀስ አድርጋችሁ አጠጡ። ላዩን በገለባ ወይም በደረቀ ቅጠል አልብሱት፣ 7 ወይም 8 ሳንቲሜትር ውፍረት ይበቃል። ጉዝጓዝ የሌለው ቲማቲም ዳላስ ላይ ይሰቃያል። ማዳበሪያም አታብዙ፣ ቅጠል ብቻ ይሆንባችኋል።

ፍሬው መቅላት እንደጀመረ ቅጠፉት። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቀዩ ቀለም በደንብ ስለማይወጣ ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አምሮ ይቀላል፣ ከወፍና ከሽኮኮም ይተርፋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛ ዙር መኖሩን ነው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ አዲስ ችግኝ ትከሉ፣ የከሰዓቱን ፀሐይ በጥላ ጨርቅ ከልሉለት። በዚያ ሙቀት መጠውለጉ ያስፈራል፣ ግን ጠዋት ቀና ካለ ደህና ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ፍሬ ይቋጥራል። ኖቬምበር ላይ ውርጭ ይመጣል የተባለ ቀን፣ ሳይመሽ አረንጓዴውን ሁሉ ልቀሙት። ገርጣ ያለውን ከአንድ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት፣ በቀናት ውስጥ ይቀላል።